የጓሯችን ሼቭሮሌት

«እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች እናቴ።

«አንቺማ አትነግሪያቸውም።»

«ለምን? አፍ የለኝም?»

«አፍማ አለሽ» አለ አባቴ። «እሱን ማን ካደ።»

ጠቡ መቼ እንደተጀመረ አላውቅም። ከእንቅልፌ ተነስቼ ወደ ኩሽና ስገባ መሃሉ ላይ ነው የደረስኩት። እናቴ አይናዲስ ጀርባዋን ለስቶቩ ሰጥታ፣ ክንዶቿን አጣምራ ቆማለች። አባቴ ተገኘ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል፤ ክሩ ታስሮ ካለቀ በኋላም ቀና አላለም። ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተክለጻድቅ እኛ ጓሮ ያቆሟትን አሮጌ ፒክአፕ ሊያዩ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ድረስ የሚመጡበት ቀን ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሴሪያሌን ይዤ መሃላቸው ተቀመጥኩ፤ ማንም ዞር በይ አላለኝም። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ስለምመልስላቸው አማርኛው በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ይመስላቸው ነበር። ቃሉን ሁሉ እሰማ ነበር። ነገሩ ይገባኝ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«የላይሰንሷ ሴትዮ የምትመጣው በሚቀጥለው ወር ነው» አለች እናቴ። «ጓሮው ባዶ መሆን አለበት። ልጆቹን የት ላጫውታቸው? መኪናዋ ሥር?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ተገኘ፣ እኔ እኮ ጊዜ ሰጥቼህ ሰጥቼህ አልቆብኛል።»

«መኪናዎን ከቤቴ ያውጡልኝ ልበላቸው? ያሳደጉኝን ሰው? እዚህ አገር ያመጡኝን ሰው?»

«ያሳደጉህ እሳቸው ናቸው። መኪናዋ አይደለችም።»

እናቴ ዩኒየን ሲቲ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ከሰዓት ገብታ ሌሊት የምትወጣ ነርስ ረዳት ነበረች። ያን ሥራ ትታ ፍሩትቬል ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ ልትከፍት ፈልጋለች። ሥልጠናውን ወስዳለች፣ አሻራዋን ሰጥታለች፣ ትንንሽ ወንበሮች ገዝታ ጋራዡ ውስጥ ደርድራለች። ላይሰንሱን ለማግኘት የቀረው ጓሮው ነው። ጓሮው ውስጥ ደግሞ ሼቭሮሌቷ አለች።

እኔ በዚያን ጊዜ የገባኝ እንዲህ ነው፦ እናቴ እኛን ትታ ከሽማግሌዎች ጋር ማምሸቷ አልበቃ ብሏት፣ አሁን ደግሞ የሰው ልጆች አምጥታ እኛ ቤት ልትሞላ ነው፤ ለዚያም ብላ በሰፈሩ ካለው ዕቃ ሁሉ የሚበልጠውን ልታስጥልብን ነው። ትንንሾቹን ወንበሮች በጠላትነት ነበር የማያቸው። ዴይኬሩ የታሰበው ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት እንድትቆየኝ መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ በጊዜው ጥያቄ መሆኑንም አላውቅም።

መኪናዋ የሃምሳ አራት ሼቭሮሌት ፒክአፕ ናት። ቀለሟ አረንጓዴ ነበር፤ ፀሐይ መጥጦት የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል መስሏል። በሩ ላይ የቀድሞ ባለቤቷ የጣሊያኑ አትክልተኛ ስም በነጭ ተጽፎ፣ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ይነበባል። ጋሽ ተክለጻድቅ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት ከመጡት አንዱ ናቸው። ሳን ሆዜ ገና የፍራፍሬ እርሻ ሳይጠፋባት፣ ተማሪ ሆነው አፕሪኮት ሲለቅሙ፣ ከዚያ አትክልተኛ ነው የገዟት። መሐንዲስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ የገቡበት የጋራ ግቢ አሮጌ መኪና ውጪ ማቆም ይከለክላል። ለጥቂት ሳምንት ብለው እኛ ጓሮ አስገቧት። ያኔ እኔ መራመድ እየተማርኩ ነበር አሉ።

እናቴ ስሟን አትጠራትም። «ቆሞ ቀሯ» ነው የምትላት።

ጋሽ ተክለጻድቅ እንደ ወትሮው እኩለ ቀን ሲቃረብ ደረሱ። ከቬትናሞች ዳቦ ቤት የተገዛ ረጅም ዳቦ በብብታቸው ይዘዋል። በፍሪዌይ ስለማይነዱ ከሳን ሆዜ እስከ እኛ ቤት በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ በየመብራቱ እየቆሙ ነው የሚመጡት። ንጉሥ ስለማይቸኩል ነው ብዬ አምን ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ፍሪዌይ መፍራታቸውን፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከዋዜማው ጀምሮ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

እናቴ ምሳ ላቅርብ አለች። በልቼ ነው የመጣሁት አሉ። ትንሽ ብቻ አለች። የለም አይናዲስ፣ አትቸገሪ አሉ። በሞቴ አለች። እንግዲህ ካልሽ አሉና ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ይህን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ልልላችሁ እችላለሁ፤ በቤታችን የመጀመሪያው እምቢታ እንደ እምቢታ አይቆጠርም ነበር። ሰው እምቢ የሚለው እንዲለመን ነው፣ የሚለምነውም እምቢ እንደሚባል እያወቀ ነው።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣን። ጋሽ ተክለጻድቅ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። አባቴ ባትሪውን ከጋራዥ ተሸክሞ አምጥቶ ገጠመ። እኔ ጎናቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ የድሮ ጆንያና የቤንዚን ሽታ አለው፤ ስፕሪንግ ሽቦው ጭኔን ይወጋኛል፣ ብሞት ግን አልነሳም። ነዳጁን ረገጥ ረገጥ አድርገው ቁልፉን ሲያዞሩ እንደ አስም በሽተኛ ስታስል ቆይታ ተነሳች። መሪው በእጃቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጥርሴ ተንቀጠቀጠ። ከአጥሩ ወዲያ ባቡሩ ሲያልፍ እንኳ አልተሰማንም።

ሞተሩ ሲሞቅ የዋጋ መጽሐፋቸውን ያወጣሉ። አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያወጡ የሚናገር መጽሐፍ ነው፤ አዲስ በወጣ ቁጥር ይገዙታል። መኪኖችን በደረጃ ይከፍላል። አንድ ማለት ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ናት። አራት ማለት በቁሟ የሞተች። ሰው የነካካት፣ አዲስ ቀለም የተቀባች፣ ሞተሯ የተለወጠ ዋጋዋ ይወርዳል። የእኛዋ የተነካካ ነገር የላትም፤ ስለዚህ መታጠብ እንጂ ሰም መቀባት ክልክል ነው።

«ሦስት ነች» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው። «ደህና ሦስት።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲያውም ሁለት ትሆናለች» አለ አባቴ።

«ሁለት ትላለህ?»

«ሁለት ናት እንጂ። እስቲ በሩን ይዩት።»

አዩትና መጽሐፉን ዘጉ። «ካልክ እንግዲህ።»

አባቴ እንዴት ያለ አዋቂ ነው ብዬ ኮራሁ። አባቴ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም ሲመረምር የሚውል ሰው ነው፤ ካርቡሬተር አምጣ ቢሉት ምናልባት ጀበና ይዞ ይመጣ ነበር። ሁለት ያለው ወንድሙን ደስ ለማሰኘት ነው። ያን ቀንም ምንም አልነገራቸውም። አመሻሽ ላይ እሳቸው ሲሄዱ በር ድረስ ሸኛቸው፤ በማግስቱም ለእናቴ ቀጠሮ ጨመረላት።

በሳምንቱ መሃል ከትምህርት ቤት ስመለስ ያላሰብኩት ነገር አየሁ። የእናቴ የእረፍት ቀን ነበር። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ በጎማ ውሃ ሼቭሮሌቷን ታጥባለች። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ወንጌላዊት ጎማዎቹን በብሩሽ ትፈትጋለች። ታጥባ ስታልቅ እናቴ ካሜራ አውጥታ ከፊት አነሳቻት፣ ከኋላ አነሳቻት፣ የጭነት ቦታዋን ጣውላ አነሳች፣ በሩ ላይ ያለውን የጣሊያኑን ስም ጠጋ ብላ አነሳች።

«ዱ ዩ ላይክ ኸር ናው?» አልኳት።

እናቴና ወንጌላዊት ተያዩ።

«በጣም» አለች እናቴ። «ዞር በይ የኔ እናት፣ ጥላሽ ገባብኝ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። እናቴ በመጨረሻ ተሸነፈች፣ እንደኛ ወደደቻት ብዬ በደስታ አበድኩ። ፎቶዎቹ ያን ዕለት ማታ በወንጌላዊት ስልክ ቁጥር የሽያጭ ማስታወቂያ ሆነው ኢንተርኔት ላይ እንደወጡ ዛሬ አውቃለሁ። የእናቴ ዕቅድ እንዲህ ነበር፦ ማንም ማንንም ሳያስቀይም፣ ጥሩ ብር የያዘ ሰው በራሱ እግር ይምጣ። ይምጣና ጋሽ ተክለጻድቅ ባሉበት ይጠይቅ። መኪናዋ ተባርራ ሳይሆን ተለምና ትውጣ። እናቴ ከዚያ ወዲህም ብዙ ነገር ስታቅድ አይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ግን አላየሁላትም።

ሰውዬው የመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ከሬድውድ ሲቲ ነው የመጣሁት አለ፤ ገለባ ባርኔጣ፣ ወፍራም ሸበቶ ሪዝ። በሰፈሩ ሳልፍ በአጥሩ ላይ አየኋት አለን። አመንኩት። አጥራችን ከሱም ከባርኔጣውም ይረዝም ነበር፤ የመኪና መጫኛ ተሳቢውንም ጥግ ዞር አድርጎ አቁሞት ነው የመጣው።

ጋሽ ተክለጻድቅ መሪ ይዘው እንደተቀመጡ ነበር። ወረዱና በዚያ በተማሩበት ዘመን እንግሊዝኛ ታሪኳን ከመጀመሪያ ጀምረው ነገሩት። ሰውዬው ተንበርክኮ ሥሯን አየ፤ መከላከያዋን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ አዳመጠ፤ ቀለሟ የራሷ ነው አለና ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ዘጠኝ ሺህ እሰጣለሁ አለ። እናቴ የጓሮውን በር ይዛ ቆማለች፤ የሳህን ፎጣ ትከሻዋ ላይ አለ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ወደ አባቴ ዞሩ። በአማርኛ «አንተ ምን ትላለህ ተገኘ?» አሉት።

«እኔ ምን እላለሁ ጋሼ። የእርስዎ ናት።»

«ያለችው አንተ ጓሮ ነው።»

«ጓሮውም የእርስዎ ነው።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ፀሐይ መቷት መስሎኝ ነበር።

ሰውዬው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። ዋጋው እንዳነሰባቸው ገመተና ወደ አሥራ አንድ ሺህ ከፍ አደረገው። ጋሽ ተክለጻድቅ መጽሐፉን ሳይገልጡ በእጃቸው መዘኑት። ጥሩ ዋጋ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እንደገና ወንድማቸውን አዩ፤ አባቴም የባሰውን ተናገረ።

«ተዉ ጋሼ። ይህቺን የመሰለች መኪና በዚህ ዋጋ? ገና ትጨምራለች። እኛን እንደሆነ ምንም አላስቸገረችን።»

ይህ በቤታችን ሕግ የመጀመሪያው እምቢታ ነው። ከዚህ በኋላ ጋሽ ተክለጻድቅ «የለም፣ አስቸግሬያችኋለሁ፣ ይበቃል» ይላሉ፤ አባቴ ትንሽ ይከራከራል፤ ከዚያ በግድ እሺ ይላል፤ መኪናዋም ትሄዳለች። አባቴ የጠበቀው ይህን ነው፤ ኋላ ራሱ ነግሮኛል። ጋሽ ተክለጻድቅ ግን የለም አላሉም። የአባቴን ፊት ረጅም ጊዜ አዩት።

እናቴ ከበሩ ወረደች። «ጋሼ፣ ጥሩ ዋጋ አይደለም እንዴ? ሰውዬው ከልቡ ነው የሚመስለው።»

«አይናዲስ፣ ለኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አሏት፤ ድምፃቸው ለስልሶ። «ሳምንቱን አጥበሻት የለ? አይቻለሁ። በዚህ እጅሽ አጥበሽ፣ ደግሞ ለኔ ብለሽ ትሽጥ ትያለሽ።»

እናቴ የሳህን ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችው። እዚያ ላይ ምን ይባላል?

ሰውዬው ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። ይገባኛል፣ እኔም ብሆን አልሸጣትም ነበር አለ። የሦስታችንንም እጅ ጨብጦ፣ የኔንም ጨምሮ ማለቴ ነው፣ በጎን በኩል ባለው በር ወጣ። በሱ አገር ደንብ አንድ ጊዜ አይሆንም ከተባለ አይሆንም ነው። ማን በሞቴ ይበለው?

አሸነፍን ብዬ በሼቭሮሌቷ የጭነት ቦታ ላይ ዘለልኩ። ጋሽ ተክለጻድቅና አባቴ ጎን ለጎን ቆመው የወጣበትን በር ያያሉ። ድል ያደረጉ ሰዎች እንዲህ ነው የሚቆሙት ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም የቆሙት ሌላኛው «ጥሩት» እስኪል ነበር። ከጥጉ ወዲያ የተሳቢው ሰንሰለት ሲንኳኳ፣ መኪናው ሲነሳ፣ ሲርቅ ሰማን። አንዳቸውም አላሉም።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ተክለጻድቅን ወደ ዓይን ሐኪም ለማድረስ ሳን ሆዜ ሄጄ ነበር። ተራ ስንጠብቅ ስልኬን እያየሁ፣ ልክ የኛዋን የመሰለች አረንጓዴ ሼቭሮሌት በጨረታ አርባ ሺህ እንዳወጣች ነገርኳቸው። ይቆጩ ይሆናል ብዬ ነበር። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«የሚገዛት ሰው ምን ነካው?» አሉ። «እኔ እኮ ያቺን ብረት ጠልቻት ነበር፣ ሃሲ። ወገቤን ነው የቆረጠችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ሁሉ መንገድ።»

«ታዲያ ለምን አልሸጧትም?»

«እንዴት ልሽጣት? አባትሽ እንደ ነፍሱ ይወዳታል። ሁለት ትሆናለች ሲል አልሰማሽም? ለአንድ ቀን የኔን ነገር እምቢ ብሎኝ የማያውቅ ልጅ፣ ያን ቀን ብቻ ነው ተዉ ያለኝ።»

እሳቸው ምርመራ ሲገቡ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ። ያሉትን ነገርኩት።

«እኔ?» አለ። «እኔ መቼ ወደድኳት? ጋሼ ይቀየማሉ ብዬ ነው እንጂ።» ከዚያም እንደገና፣ «እኔ መቼ ወደድኳት?»

ያናድዳል። ሁለት የተማሩ፣ የሚዋደዱ ሰዎች፣ አንድ የማይፈልጉትን ነገር አንዱ ለሌላው ሲል በዚያ ጓሮ ውስጥ ከዓመት ዓመት አቆሙ። መኪናዋ በኋላ አይጥ ሽቦዋን በልቷት፣ ዝናብ ወለሏን በስቶት፣ ከአራትም በታች በሆነ ደረጃ ወጣች። የላይሰንሷ ሴትዮ ቀጠሮ ተላልፎ ተላልፎ ቀረ። ትንንሾቹ ወንበሮች ለቤተ ክርስቲያኑ ሰንበት ትምህርት ተሰጡ። እናቴ ወገቧ እምቢ እስኪላት ድረስ ዩኒየን ሲቲ ተመላለሰች።

አባቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎት ኖሯል። እናቴ ከወዲያ ሆና እንደምትሰማ አላወቅኩም ነበር።

«ሃሴት» አለች። «ዛሬ ገና ነው የደረስሽበት?»

ያን ቅዳሜ ሰውዬው ከሄደ በኋላ እጃችንን ታጥበን ምሳ ተቀመጥን። እናቴ አቀረበች። ጋሽ ተክለጻድቅ በልቼ ነው የመጣሁት አሉ። ትንሽ ብቻ አለች። አትቸገሪ አሉ። በሞቴ አለች፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። በሉ።

የዚያን ቀን ምሳ እንደ በዓል ነበር። አባቴ የሰውዬውን አረማመድ፣ ባርኔጣውን እንዴት እንዳወለቀ እየደገመ አሳቀን። ጋሽ ተክለጻድቅ ጣሊያኑ መጀመሪያ ምን ያህል እንደጠየቃቸውና እንዴት እንዳስቀነሱት አወሩ። እኔ ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠግቼ፣ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ደግፌ እሰማለሁ። አሥራ አንድ ከሆነ ዘንድሮ አሥራ ሦስት ትገባለች አለ አባቴ። እስቲ እንየው አሉና መጽሐፉን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ከሳህኖቹ መሃል ገለጡት። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ጎነበስን።

እናቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች። ጠረጴዛው አጠገብ ትንሽ ቆመች፤ የራት ሳህኔን ሸፍና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባች፤ ቦርሳዋን ከወንበሩ ጀርባ አነሳች። ቁልፏን ስትፈልግ ሰማኋት። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

«ለመሆኑ» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ ዳቦ እየቆረሱ፣ «ያ ሰውዬ ጎማዎቹን አይቷቸዋል?»